ባጃጅ የማይገባበት ሰፈር አይኑር

(ለጋምቤላ ከተማ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፣ ሙሉ ቃሉ)

በዚህ ሙቀት ወንበር አጥታችሁ ቆማችሁ ለምታዳምጡኝ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠባችሁ በስልክ ለምትከታተሉኝም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

እኛ ወጣቶች ስንሰበሰብ ስለ አገር ነው የምናወራው። ስለ ታሪክ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ባንዲራ። ጥሩ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ ባጃጅ ነው። አትሳቁ! ስጨርስ ትፈርዱኛላችሁ።

አንድ ማታ፣ ሦስት ሰዓት አልፏል፣ አክስቴን ምጥ ያዛት። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። መብራት የለም። እኔ ሮጬ አስፋልት ወጣሁ። የመጀመሪያውን ባጃጅ አስቆምኩት። "ሰፈርህ የት ነው?" አለኝ። ነገርኩት። "ወንድሜ ይቅርታ አድርግልኝ፣ እዛ ጋ ጭቃው አያስገባም፤ ከገባሁ አልወጣም" ብሎኝ ሄደ። ሁለተኛው መጣ። "ኮንትራት ነው" አለና ኪሴ ውስጥ ያልነበረ ገንዘብ ጠራ። ሦስተኛው ፊቴን አየ፣ የሰፈሩን ስም ሰማ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔ እዛ ሰፈር በማታ አልገባም" አለኝ።

ሦስት ባጃጅ፣ ሦስት እምቢታ። አንዱ ጭቃ፣ አንዱ ብር፣ አንዱ ፍርሃት።

ሰፈሩ የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ኒውላንድ ይሁን፣ ከባሮ ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ አልነግራችሁም። አኙዋ ልሁን ኑዌር፣ መዠንግር ልሁን ኦፖ፣ ኮሞ ልሁን ከደጋ የመጣሁ፣ እሱንም አልነግራችሁም። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የራሱን ሰፈር ያስብ፤ ምክንያቱም ይሄ ታሪክ በሁላችንም ቤት ገብቷል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። "ከንቲባው ከሁሉ አስቀድሞ ምን ይሥራ?" ቢባል መልሳችን ምንድነው? አንዱ ፋውንቴን ይላል፣ አንዱ አደባባይ፣ አንዱ ስታዲየም። የእኔ መልስ አንድ ነው፦ ማንኛውም የጋምቤላ ነዋሪ፣ ከየትኛውም ሰፈር ተነስቶ ወደ የትኛውም ሰፈር፣ በጋም ሆነ ክረምት፣ ቀንም ሆነ ማታ፣ ዋጋው አስቀድሞ በታወቀ ሂሳብ መድረስ ይቻል። የከተማ የመጀመሪያ አገልግሎት ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ በዚህ መንገድ ላይ ነው የሚመጣው።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

መጀመሪያ፣ ይቺ ከተማ ራሷ በመጓጓዣ የተወለደች ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል እንግሊዞች በባሮ ዳርቻ የንግድ ጣቢያ እንዲይዙ ተፈቀደላቸው። ውሉ ልኩን ሳይቀር ወስኗል፦ ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ በወንዙ በኩል ያለው ፊቱ ደግሞ ከ2,000 ሜትር እንዳያልፍ። ጋምቤላ የምትባለው ከተማ ያደገችው በዚህ ጣቢያ ዙሪያ ነው። መርከብ ከካርቱም ተነስቶ በነጭ ዓባይና በሶባት አድርጎ ባሮን ይዞ ይመጣ ነበር። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በዚህ ወጣ፤ ጨውና ጨርቅ በዚህ ገባ። ሱዳን ነፃ በወጣችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ልብ በሉ! ያ መርከብ የሚመጣው በክረምት ብቻ ነበር፤ ባሮ ሲሞላ። በበጋ ውሃው ሲጎድል ይቀራል። የአያቶቻችን ጋምቤላ ክረምት መንገድ ይከፍትላት ነበር። የእኛ ጋምቤላ ግን ክረምት መንገድ ይዘጋባታል። ከመቶ ዓመት በላይ ኖረን የደረስንበት ይሄ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት መስተካከል ያለበት እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሂሳቡን እንሥራ። እንበል አንድ ሠራተኛ ወደ ሥራ ሄዶ፣ ለምሳ ቤቱ ገብቶ፣ ተመልሶ፣ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አራት ጉዞ። አንዱ ጉዞ 20 ብር ቢሆን በቀን 80 ብር ነው። በወር 26 የሥራ ቀን ብንል 2,080 ብር። በመስከረም 2018 በተስተካከለው ደመወዝ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ክፍያ 6,000 ብር ነው። ከደመወዙ አንድ ሦስተኛው በባጃጅ አለቀ ማለት ነው! ምሳውን እዛው ቢበላስ? እሱም በነፃ አይደል። በእግሬ ልሂድ ቢልስ? የጋምቤላን የመጋቢት ፀሐይ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ግን ባጃጅ ነጂውንም አትርገሙት። እሱም ወንድማችን ነው። በሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በጥር 2017 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ! ይሄ የአዲስ አበባ ዋጋ ነው፤ እኛ ጋ የማጓጓዣው ይጨመርበታል፤ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ነው ያለነው። ጎማው፣ መለዋወጫው፣ ለባለንብረቱ የሚገባው የቀን ገቢ አለ። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አንድ ሾክ ቢሰበርበት የሳምንት ሥራው ገደል ገባ። እና "ጭቃው አያስገባም" ሲል ክፋት አይደለም፤ ሂሳብ እየሠራ ነው።

ስለዚህ ተሳፋሪው ከነጂው ጋር መጣላቱ መፍትሔ አይሆንም። ሁለቱም አንድ ላይ ሆነው መጠየቅ ያለባቸው "የመንገዱ ገንዘብ የት ነው?" ብለው ነው።

እስኪ የከንቲባውን ኪስ አብረን እንይ። ብዙዎቻችን ከንቲባ አንድ ካዝና ያለው ይመስለናል። የኢትዮጵያ ከተሞች ሁለት ኪስ ነው ያላቸው። አንደኛው ከክልል በሚመጣው የድጎማ በጀት የሚሞላ ነው፤ የመምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ደመወዝ የሚወጣው ከዚያ ነው። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት ኪስ ነው፦ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ቆሻሻ፣ የመንገድ መብራት፣ ገበያ፣ መናኸሪያ፣ ቄራ። ይሄኛው በአመዛኙ ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ነው የሚሞላው፦ በመሬት ሊዝ፣ በቦታ ኪራይ፣ ጣሪያና ግድግዳ በምንለው ግብር፣ በገበያ መደብ ክፍያ፣ በመናኸሪያ መግቢያ።

እንግዲህ ክልል ስንጮህ፣ ፌደራል ስንከስ ቦያችን ለምን እንደማይጠረግ ገባችሁ? ቦዩን የሚጠርገው ገንዘብ እዚሁ ነው የሚሰበሰበው፣ ወይም እዚሁ ነው የሚባክነው።

ሦስተኛ ምንጭም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1989 በአዋጅ የተቋቋመ የመንገድ ፈንድ አለ። ነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ ይሰበስብና ለመንገድ ጥገና ያከፋፍላል፤ ለከተማ መንገዶች ጭምር። አስቡት! ያ ባጃጅ ነጂ አንድ ሊትር ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ለመንገድ ጥገና ከፍሏል። ከፍሎ ነው ጭቃ ውስጥ የሚሰጥመው። ስለዚህ "ለከተማችን ስንት ደረሰ? የትኛው መንገድ ላይ ዋለ?" ብሎ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ የከፈሉበትን ደረሰኝ መጠየቅ ነው።

አራተኛው እየመጣ ያለ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ከተሞች ከመሬት መጠቀሚያና ከሕንፃ ግብር እንዲሰበስቡ በር የሚከፍት ነው። ነገ ጋምቤላ ላይም ተግባራዊ ሲሆን ባለ ፎቁም ባለ ቆርቆሮውም ይከፍላል። እኔ ግብሩን አልቃወምም። ግን ሰው በእጁ ያለውን ብር የሚሰጠው በዓይኑ ያየውን አገልግሎት አምኖ ነው። ቤቱ በር ድረስ ባጃጅ የማይደርስለት ሰው፣ ስለ ቤቱ ግብር ክፈል ሲባል ምን ይላል? "መጀመሪያ ቤቴን ድረሱበት!" ይላል። እውነቱን ነው።

ገንዘቡ ተገኘ እንበል። እንዴት ይዋል? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ትልቅ ነገር መግዛት ያስጨበጭባል፤ ትንሽ ነገር መጠገን አያስጨበጭብም።

አዲስ አበባን እዩ። በመስከረም 2008 ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ሁላችንም ኮርተን ነበር። 34 ኪሎ ሜትር መስመር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው የቻይና ብድር፣ 41 ባቡሮች። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ መለዋወጫ ጠፍቶ አብዛኞቹ ባቡሮች ቆሙ። መሥራት ተችሎ ነበር፤ ማቆየት ነው ያቃተው። አዲስ አበባን የሚያህል ከተማ እንዲህ ከተቸገረ፣ እኛ ሁለት አውቶቡስ ገዝተን ሪባን ቆርጠን በዓመቱ በጎማ እጦት ግቢ ውስጥ ሣር ሲበቅልባቸው እንድናይ አልፈልግም።

በሌላ በኩል ጥሩ ትምህርትም አለ። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ117 የኢትዮጵያ ከተሞች የተዘረጋው፣ ዩአይአይዲፒ እያልን የምንጠራው ፕሮግራም፣ ለከተሞች ገንዘብ የሚሰጠው በየዓመቱ ሥራቸውን እየመዘነ ነበር። ዕቅዱን ያወጣ፣ ሂሳቡን ያስመረመረ፣ የሠራውን የሚጠግን ከተማ ያገኛል፤ ያላደረገ ይቀርበታል። ኮብልስቶኑን ከዚያ ተርፎ እንዳያችሁት ሁሉ ሐሳቡንም መያዝ አለብን፦ ገንዘብ ሥራን ይከተላል። ያ ፕሮግራም አገር ውስጥ የሚሠራ ከሆነ፣ በከተማችን ውስጥ ቀበሌ ከቀበሌስ ለምን አይሠራም?

እንግዲህ ቅደም ተከተሌን ልናገር። ከንቲባው ቢሰሙኝ እንዲህ እላቸዋለሁ።

ክቡር ከንቲባ፣ አንደኛ ቦይ። አዲስ አስፋልት አላልኩም፤ ቦይ ነው ያልኩት። መንገዳችንን የሚበላው መኪና አይደለም፤ መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ቦዩ በፌስታልና በላስቲክ ጠርሙስ ይደፈናል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ውሃው በመንገዱ ላይ ይተኛል፣ ኮብልስቶኑ ይነቀላል፣ ባጃጁ ይቀራል። በሚያዝያ በአካፋና በወጣት ጉልበት የሚያልቅ ሥራ ነሐሴ ላይ በሎደርም አያልቅም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። በ2014 ክረምት ባሮ ሞልቶ በክልላችን ብዙ ሺህ ሰው ሲያፈናቅል አይተናል። ባሮን ማቆም ከማዘጋጃ ቤት አቅም በላይ ነው፤ የሰፈር ቦይ መጥረግ ግን አይደለም። ይሄን ሥራ በየሰፈሩ ለተደራጁ ወጣቶች በዓመት ውል ስጧቸው፤ በክረምት ውሃው ካለፈ ይከፈላቸው፣ ከተኛ ይቀነስባቸው።

ሁለተኛ ታሪፍ። በእያንዳንዱ ባጃጅ ላይ፣ በእያንዳንዱ ማቆሚያ ላይ ዋጋው በትልቁ ይለጠፍ፤ ከየት እስከ የት ስንት፣ ቀን ስንት፣ ማታ ስንት። ነዳጅ ሲጨምር ከማኅበራቱ ጋር ተቀምጣችሁ በግልጽ አስተካክሉት። ነጂውም አይከስር፣ ተሳፋሪውም አይዘረፍ። ሰው የሚናደደው ዋጋ ስለጨመረ ብቻ አይደለም፤ እንደ ፊቱ ስለሚጠየቅ ነው። አንዱ በ20፣ አንዱ በ50፣ እንግዳው በ100 ሲሄድ ያ ታሪፍ አይደለም፤ ያ አድልዎ ነው።

ሦስተኛ የማታ ተረኛ። ይሄን በደንብ ስሙኝ፣ ምክንያቱም ርካሽ ነው። እንበል በየማታው 10 ባጃጆች ተረኛ ይሁኑ። ለእያንዳንዳቸው በማታ 300 ብር የተረኛ አበል ማዘጋጃ ቤቱ ይክፈል፤ ሂሳቡን ደግሞ ተሳፋሪው በታሪፉ ይክፈል። በቀን 3,000 ብር፣ በዓመት 1,095,000 ብር። ለአንድ አዲስ ላንድክሩዘር እንኳን የማይበቃ ገንዘብ ነው! በዚህ ገንዘብ ግን ከተማው ዓመቱን ሙሉ በማታ ወላድ የሚያደርስ፣ ከፈረቃ የሚወጣች ነርስ የሚመልስ፣ ትኩሳት ያለበት ሕፃን የሚያደርስ አገልግሎት አለው። ተረኛ የሆነ ሰው "እዛ ሰፈር አልገባም" ማለት አይችልም፤ አበሉን የሚቀበለው ለመግባት ነውና።

አራተኛ የክልሉን ሸክም በልኩ ማካፈል። ክልላችን ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞችን አስጠልሏል። በ1999 ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ራሱ 307,096 ነበር። የከተማዋ ደግሞ 39,022። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ግን ከተማዋ ያኔ የነበረችው እንዳልሆነች ለማወቅ ገበያ መውጣት ይበቃል። ስደተኛው የሸሸው ሞትን ነው፤ እሱ ላይ ጣት የሚቀስር ከመካከላችን አይኑር። ግን የእርዳታ ከባድ መኪና በከተማችን መንገድ ሲያልፍ መንገዱ ያረጃል። ከንቲባው ከእርዳታ ድርጅቶቹ ጋር ተቀምጠው "የምታልፉበትን መንገድ በመጠገን አግዙን" ማለት መብታቸው ነው፤ ግዴታቸውም ነው።

አውቶቡሱስ? አምስተኛ ላይ። መንገዱ ከተስተካከለ፣ ታሪፉ ከታወቀ፣ ቦዩ ከተጠረገ በኋላ፣ ከሰፈር ወደ ገበያ፣ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመላለስ አንድ መስመር እንጀምር። መጀመሪያ ጥገናው በጀት ይያዝለት፣ ከዚያ ይገዛ።

"ውሃስ? ቆሻሻስ? መብራትስ?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ የባሮ ልጅስ ጀሪካን ይዞ ስንት ጊዜ ተሰልፏል? ግን አስተውሉ። የቆሻሻ መኪና የሚገባው ባጃጅ በሚገባበት ነው። የውሃ ቦቴ የሚገባው ባጃጅ በሚገባበት ነው። አምቡላንስ፣ እሳት አደጋ፣ የመብራት ጥገና ክሬን፣ ሁሉም። ባጃጅ ያልገባበት ሰፈር ምንም አይገባበትም። ኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች መጥቷል፤ ዋናው መንገድ ሲያምር እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን የአክስቴ ምጥ ኮሪደሩ ላይ አልመጣም። ከኮሪደሩ ጀርባ ነው የመጣው። ከዋናው መንገድ የሚወጣው እያንዳንዱ ብር ከጀርባ ላለው ሰፈርም ድርሻ ይኑረው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ባጃጅ ልመለስ። ስለ ጭቃና ስለ ብር አወራን። ስለ ፍርሃቱስ?

ይሄን ማንም መድረክ ላይ አያነሳውም፤ እኛ ግን እናንሳው። ከተማችን በሰፈር ተከፋፍላለች። ሰኔ 7 ቀን 2014 እዚሁ ከተማችን ውስጥ ውጊያ ተደርጎ፣ ሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ወንድም ወንድሙን የፈራበት ጊዜ አይተናል። ጸጥታ በደፈረሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆመው ባጃጅ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚጀምረውም እሱ ነው። እንዲያውም ሰላም መምጣቱን በምን ታውቁታላችሁ? በመግለጫ ነው? አይደለም! ያኛው ሰፈር ያለው ባጃጅ እኛ ሰፈር መጥቶ ሰው አውርዶ ሲመለስ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወርና የመኖር ነፃነት አለው ይላል። እኛ ይሄን አንቀጽ የምንጠቅሰው ሰው ከክልል ክልል ሲከለከል ነው። ከሰፈር ሰፈር ሲከለከልስ? ሰው በገዛ ከተማው ሦስት ኪሎ ሜትር መሄድ ከፈራ ስለ አገር አንድነት የምናወራው ወሬ ምን ዋጋ አለው?

በሌላው ዓለም ይሄን ያዩ አሉ። ኮሎምቢያ ውስጥ ሜዴሊን የምትባል ከተማ በግድያ ስሟ የከፋ ነበር። ድሆቹና የተፈሩት ሰፈሮች ተራራ ላይ ነበሩ፤ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ2004 ከተማዋ ከዋናው ባቡር ጋር የሚገናኝ የገመድ መጓጓዣ እስከ ተራራው ሰፈር ዘረጋች። ቤተ መጻሕፍትና መናፈሻም ተከተለው። ገመዱ ብቻውን ሰላም አላመጣም፤ ብዙ ነገር አብሮ ተሠርቷል። ነገር ግን የተፈራው ሰፈር ሰው የሚመላለስበት ሰፈር ሆነ። እኛ ተራራም ገመድም የለንም። ባጃጅ ግን አለን።

ስለዚህ ከንቲባውንም ማኅበራቱንም የምጠይቀው ይሄ ነው፦ የባጃጅ ማኅበር በብሔር አይደራጅ፤ በመስመር ይደራጅ። የማታ ተረኞቹ ከሁሉም ሰፈር ይውጣጡ። ስምሪቱ ላይ፣ ተራ አስከባሪው ላይ፣ ታሪፉን በሚወስነው ጠረጴዛ ላይ የሁሉም ሰፈር ሰው ይቀመጥ። ነጂው ባልታወቀ ሰፈር ሲገባ የዚያ ሰፈር ሽማግሌና ወጣት "ይሄ የእኛ እንግዳ ነው" ይበሉለት። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም። ወኔ ነው የሚጠይቀው።

አሁን ደግሞ እኛ። ምክንያቱም ከንቲባውን ብቻ ጠርቶ መቀመጥ ቀላል ነው።

አንደኛ፣ ስልካችሁን ጠብቁ። አንድ ያልተጣራ ወሬ ፌስቡክ ላይ ስትለጥፉ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ባጃጅ እንደሚቆም አስባችሁ ታውቃላችሁ? ስንት እናት ገበያ ላይ እንደምትቀር? ሼር ከማድረጋችሁ በፊት "ይሄ ነገር ማንን መንገድ ላይ ያስቀራል?" ብላችሁ ጠይቁ። መንገድ የሚዘጋው በድንጋይ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቦይ ውስጥ ፌስታል አትጣሉ። ቦዩን የደፈነው ከንቲባው አይደለም፤ የበላንበት ፌስታል ነው። ይሄን ስናገር የምትስቁ አላችሁ፤ ትላንት የጣላችሁ ናችሁ!

ሦስተኛ፣ ቁጠሩ። እያንዳንዱ ሰፈር ሦስት ወጣት ይምረጥ። በዚህ ክረምት በሰፈራችሁ ባጃጅ የማይገባባቸውን ቦታዎች መዝግቡ፦ ቦታው፣ ቀኑ፣ ምክንያቱ። ጭቃ ነው? ዋጋ ነው? ፍርሃት ነው? ፎቶ አንሱ። "ችግር አለ" ብሎ መጮህና "በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ምክንያት" ብሎ ወረቀት ማስቀመጥ አንድ አይደለም። ጩኸት በአዳራሹ ይቀራል፤ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

አራተኛ፣ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው። ነሐሴ ላይ ጭቃ ውስጥ ሆነን ብንጮህ ገንዘቡ ተመድቦ አልቋል። ከሰኔ በፊት ነው መጠየቅ ያለብን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። እንግዲህ በአክብሮት፣ ያለ ስድብ፣ ያለ ድንጋይ፣ ሦስት ጥያቄ ይዘን እንሂድ፦

ክቡር ከንቲባ፣ ዘንድሮ ለመንገድ ጥገና ከመንገድ ፈንድም ከከተማው ገቢም ስንት ብር ገባ፣ የትኛው መንገድ ላይ ዋለ?

ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚጠረጉት ቦዮች ዝርዝር የት ተለጥፏል?

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሰው ቢታመም ከየሰፈሩ ማን ያደርሰዋል፣ በስንት ብር?

ለእነዚህ መልስ ያለው ከንቲባ ከሆነ ከጎኑ እንቆማለን፤ ወጣቱን ይዘን ቦይ እንጠርጋለን። መልስ ከሌለው ጥያቄውን በሚቀጥለው ወርም እንጠይቃለን። በሚቀጥለውም። ወንበር ይዘን እንቀመጣለን እንጂ አንደክምም።

ልጨርስ። አክስቴ ምን ሆነች ትሉኛላችሁ። በወንበር ተሸክመን አስፋልት አወጣናት። አራተኛ ባጃጅ መጣ። ነጂው ሰፈራችንን አልጠየቀም፤ እኔም ሰፈሩን አልጠየቅኩትም። ወርዶ በአንድ በኩል ወንበሩን ያዘልን። መንገዱን ሁሉ ጉድጓድ እየሸሸ፣ ዞር እያለ "አይዞሽ እናቴ፣ ደረስን" እያላት አደረሰን። ሂሳብ ስንጠይቀው የወትሮውን ተቀበለ፤ አንድ ብር አልጨመረም። ልጁ ዛሬ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይሮጣል።

ያ ሰው ደግ ሰው ነበር። ግን ከተማ በደግ ሰው ዕድል አይኖርም። ደግ ሰው ባይመጣስ? ከተማ የምትኖረው በሥርዓት ነው፤ ደጉም ክፉውም ተረኛ ሲሆን በሚያደርስበት ሥርዓት።

እኔ አገሬን የምለካው በዚህ ነው። አንድ ሰው ማታ ቆሞ እጁን ሲያነሳ፣ ባጃጁ ይቆማል ወይ? ሰፈሩን ሲናገር ነጂው "ግባ" ይለዋል ወይ?

"ግባ" የሚባልባት ጋምቤላን እንሥራ።